ጣሪያው ተቀየረ፣ ውሃው ጎረቤት ገባ፦ የአንድ የቀበሌ ቤት እድሳት የጉዳይ ጥናት

በየክረምቱ መግቢያ አዲስ አበባ ውስጥ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ቆርቆሮ ይመጣል፣ ወጣቶች ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁልፍ ይሰጣል። እኔም የግንባታ ቴክኒሺያን ስለሆንኩ ሜትርና እርሳስ ይዤ በበጎ ፈቃድ ከገባሁበት ዓመታት ተቆጥረዋል። (ሰፈር ውስጥ ሜትር የያዘ ሁሉ «ኢንጂነር» ነው። እኔንም እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።)

ከሠራናቸው ቤቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ግንፍሌ አካባቢ ያደስናትን አንዲት ክፍል ግን አልረሳኋትም። ሦስት ጊዜ ተሳስተንባታል። ቆይቼ ሳስበው የሦስቱም ስህተት ሥር አንድ ነበር፦ መውጫውን ሳናይ መግቢያውን ዘጋን። ከነዝርዝሩ ልጻፈው። የሰዎቹን ስም አልጠራም፣ በበር ቁጥር ነው የምጠራቸው። የበር ቁጥሩም የራሴ አቆጣጠር ነው፤ የወረዳው አይደለም።

## ቤቱና ሰዎቹ

ቦታው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ስድስት በር ያለው አንድ ረጅም ቤት አለ። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር። እያንዳንዱ ቤተሰብ አራት በአራት የሆነች ክፍል አለው። ክፍሎቹን የሚለያቸው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። ከላይ ግን ጣሪያው አንድ ነው። ከመጀመሪያው በር እስከ ስድስተኛው ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ወደ ግቢው ያዘነበለ ቆርቆሮ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ቤቶቹ የቀበሌ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሆኑት «ኪራይ ቤቶች» ወደሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሄዱ። ርካሾቹ፣ ማለትም መጀመሪያውኑ ደካማ የነበሩት፣ ቀበሌ እጅ ገቡ ማለት ነው። ኪራዩ ደግሞ ያኔ ዝቅ እንዳለ እዚያው ቀረ። ለተከራዩ እፎይታ ነው። ለጣሪያው ግን መርዶ ነበር፤ የእነዚህ የስድስቱ በር የዓመት ኪራይ ተደምሮ ለአንድ ክፍል እንኳ ቆርቆሮ አይገዛም ነበር። ተከራዩ ከኪሴ ላድስ ቢል ደግሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ ሲጠይቅ «ቤቱ ይፈርሳል፣ ይቅርብህ» የሚለው ወሬ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆነው።

ግድግዳው የተለመደው የእንጨትና የጭቃ ነው። ቋሚው የድንጋይ መሠረት ሳይኖረው በቀጥታ አፈር ውስጥ ተተክሏል። ማገር ተመትቶበት፣ በጭድ የቦካ ጭቃ ተመርጎበታል። ሰው የጭቃ ቤት ሲባል ፊቱን ያጨፈግጋል እንጂ እንዲህ ያለ ቤት መጥፎ ቤት አይደለም። እግሩ ከደረቀና ራሱ ከተሸፈነ ብዙ ዘመን ይኖራል። ቀን የያዘውን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፤ ይህ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ለሚወርድበት ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ጠላቱ ውሃ ብቻ ነው። ከላይ ወይ ከታች።

በሦስተኛው በር አንዲት እማማ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ጡረታ የላቸውም። «ስንት ቦታ ያፈሳል?» ብዬ ስጠይቃቸው ቀዳዳ አልቆጠሩልኝም፤ ዕቃ ቆጠሩልኝ። «ድስቱ፣ ባልዲው፣ ሁለቱ ሳህን፣ መታጠቢያው፣ ጣሳው... አልጋው ላይ ደግሞ ላስቲክ።» ሌሊት ዝናብ ሲጥል ተነስተው ዕቃ ሲያገላብጡ ነው የሚያነጉት።

አራተኛው በር ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። በከተማ ሴፍቲኔት ታቅፋ መንገድ ታጸዳለች። አምስተኛው በር ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ደመወዝተኛ ያለባቸው ቤቶች ናቸው። ስድስተኛው በር ጋራዥ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ጓሮ በኩል ደግሞ የጋራ ማድቤት ነበራቸው። ከዓመታት በፊት ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሚያበስለው ቤቱ ውስጥ ነው። እኛ ያኔ ይህን ሰምተን እንዳልሰማን አለፍነው።

## ገንዘቡ በቤት ቁጥር፣ ዝናቡ በወሩ

ሥራው በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ነው፣ በከፊል። ወረዳው ቆርቆሮ፣ እንጨትና ምስማር ይገዛል። ሲሚንቶውን አንድ የሰፈር ነጋዴ ሰጠ። ጉልበቱ የወጣቶች ነው። አናጺው ግማሽ ክፍያ ተቀብሎ ግማሹን «ለነፍሴ» ብሎ ነው የሠራው።

አመራረጡ በቤት ነው። ለወረዳው በዚህ ክረምት ይህን ያህል ቤት አድስ ይባላል። የቀጠናው ኮሚቴ ደጅ ለደጅ ዞሮ ስም ያወጣል፤ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ። ከዚያ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ የቤት ቁጥር አለ። እማማ ተመረጡ። ማንም ቅር አላለውም። ሰፈሩ ሁሉ «ይገባቸዋል» ነው ያለው፣ አራተኛዋ ጎረቤት ጭምር።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ግዢው ሲጓተት ከርሞ ሰኔ ላይ ይጣደፋል። ተማሪውም ትምህርት ዘግቶ ለበጎ ፈቃድ የሚወጣው ያኔ ነው። ሰኔ ደግሞ ክረምት የሚገባበት ወር ነው። ጣሪያ መከፈት የሌለበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ ጭቃ መመረግም እንዲሁ፣ አይደርቅማ። ሳስበው ይገርመኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ያኔ ማንም ጣሪያ አያነሳም። ልክ ደመናው ሲጠቁር ሁላችንም መዶሻ እናነሳለን።

## የመጀመሪያው ዙር፦ ሰኔ

ሁለት ቀን ነው የተሰጠን። በሦስተኛው ቀን እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል።

የእማማን አሮጌ ቆርቆሮ አነሳን። ወራጆቹ፣ ማለትም ቆርቆሮውን የተሸከሙት እንጨቶች፣ በስብሰዋል። ሁሉንም ለመቀየር እንጨቱ አልበቃም፣ ስለዚህ አናጺው በአሮጌዎቹ ላይ አዲስ ሞራሌ (የተሰነጠቀ እንጨት) ደረበበት። አዲሱ ጣሪያ ከግራና ከቀኙ ጣሪያ አራት ጣት ያህል ከፍ አለ። የመጣው ቆርቆሮ 35 ጌጅ ነበር። እኛ 32 ነበር የጠየቅነው (ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ለማያውቅ ሰው ግራ ነው)። ሞገዱም ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። ድሮ የተሠራው አንድ ዓይነት፣ የዛሬው ሌላ። መገናኛው ላይ እንደ ጥርስ መናከስ ሲገባቸው አንዱ አንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካትራም ቀባንበትና አለፍን።

ወጣቶቹ ላይ የሚወጡት በአራተኛው በር በኩል ነበር፤ መሰላሉ የሚቆመው እዚያ ስለሆነ። ዝገት በበላው በእሷ ቆርቆሮ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተመላለሱ። አንዳንዱ ልጅ ምስማሩን ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ እየመታ አገኘሁት። ጉብ ያለው ላይ ነው የሚመታው ብዬ አስተካከልኩ። ሁሉን ግን አላየሁም።

ከፊት ለፊት አሸንዳ ሰቀልን። አራት ሜትር፣ ልክ የእማማን በር ያህል። ለውሃው መውረጃ አልመጣም፣ «በኋላ ይመጣል» ተባለ። አሸንዳውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረግነው። በስተቀኝ ያለው አራተኛው በር ነው።

ጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ ተፈርፍሮ ስለነበር የዶሮ ሽቦ መትተን በሲሚንቶ ለሰንነው። ነጭ ቀለም ተቀባ። ውስጥ ቺፑድ ኮርኒስ ተሠራ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የነበረውን ክፍተት በሙሉ ደፈንነው፤ እማማ «ብርዱ በዚያ ነው የሚገባብኝ» ስላሉ። እውነታቸውን ነው። ድሮ በጋዜጣና በፌስታል ነበር የሚወትፉት።

በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ መጡ። ቤቷ አምራለች። እማማ አለቀሱ፣ መረቁን። እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

## ሐምሌ፦ ውሃው

ሐምሌ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አራተኛዋ ጎረቤት ደወለችልኝ። ልጆቿ ሲያለቅሱ ይሰማል።

«ዝናቡን ከእማማ ቤት አስወጥታችሁ እኔ ቤት አስገባችሁት እኮ!»

ጠዋት ሄድኩ። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል አንድ ሊትር ውሃ ነው። የእማማ ጣሪያ 16 ካሬ ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 480 ሊትር ይሆናል። 24 ጄሪካን! ድሮ ይህ ውሃ በአራት ሜትር ጠርዝ ላይ ተበትኖ ይንጠባጠብ ነበር፤ እኩሌታውም እማማ ድስት ውስጥ። አሁን አሸንዳው ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ያወርደዋል፤ አራተኛው በር ደፍ ላይ። መገናኛው ላይ ካትራሙ ተሰንጥቋል። ወጣቶቹ የረገጡት ቆርቆሮ ደግሞ አዳዲስ ቀዳዳ አውጥቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ብቻ ነበር የሚያፈስባት፤ አሁን የእማማ ሳህኖች እሷ ቤት ገብተዋል። እማማ ራሳቸው ናቸው ያዋሷት።

ሁለቱ ሴቶች ለዓመታት አብረው ቡና የጠጡ ናቸው። ለሦስት ሳምንት ቡናው ቆመ። እማማ አንድ ቀን ይዘውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የእሷ ልጆች ረጥበው እኔ ደርቄ ባድር ምን እንቅልፍ ይወስደኛል? እንደነበረው አድርጉልኝ።» በሕይወቴ ብዙ ቅሬታ ሰምቻለሁ፤ የጠገንኩትን ቤት መልሰህ አፍርስልኝ ያለኝ ሰው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

በራሴ ገንዘብ አሮጌ ቱቦ ገዝቼ ውሃውን ወደ ግቢው መሐል አወረድኩት። ቀዳዳውን በካትራምና በሸራ ሸፈንን። ለጊዜው ያዘ። ግቢው ግን ረግረግ ሆነ።

## ነሐሴ፦ ጭሱ

ፍልሰታ ነበር። እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ ዝናብ ስለጣለ ከሰሉን ቤት ውስጥ አቀጣጠሉ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። በሩን ለብርዱ ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ ራሳቸውን ከበዳቸው፣ ለመነሳት ሲሞክሩ እግራቸው ከዳቸው። ያዳነቻቸው አራተኛዋ ጎረቤት ናት። ተኳርፈውም ቢሆን ቄጤማ ልትሰጣቸው በር ስታንኳኳ መልስ አጣች፤ ገፍታ ገባች። ጎትታ በረንዳ አወጣቻቸው። ጤና ጣቢያ ደርሰው ተመለሱ፣ እግዜር ይመስገን።

ያን ቀን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከሰል ታፍኖ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ አይታይ፣ ዓይን አያቃጥል። የከተማዋ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። እማማ ስንት ዘመን ከሰል ቤት ውስጥ ሲያነዱ ምንም ያልሆኑት ቤታቸው ስለሚያስተነፍስ ነበር። ብርዱ የሚገባበት ክፍተት ጭሱ የሚወጣበትም ነበር። እኛ በቺፑድና በሲሚንቶ ደፈንነው። ከሰሉን የት ያነዳሉ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይሠራዋል ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። አሜሪካ ውስጥ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተጀመረ የመንግሥት ፕሮግራም አለ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ቤት ብርድ እንዳይገባውና የማሞቂያ ወጪያቸው እንዲቀንስ በነጻ ይጠገናል፤ ቅድሚያ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ልጆች ላሏቸው። የእነሱ ቤት ሌላ፣ የእኛ ሌላ። አንድ ነገራቸው ግን ልቤ ገባ። ባለሙያው ስንጥቅ ከመድፈኑ በፊት በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ ይለካል። ከደፈነ በኋላ ደግሞ ማሞቂያውና ምድጃው ጭሳቸውን በደንብ እያስወጡ መሆኑን ሳይፈትሽ አይወጣም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲገጥመው ደግሞ ጣሪያው እስኪሠራ ይቆይ ይላል። ማራገቢያው ይቅርብን። «ጭሱ በየት ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ግን በነጻ ነው።

በማግስቱ ከኮርኒሱ በላይ፣ በከፍተኛው ግድግዳ በኩል፣ ሁለት ቀዳዳ ከፈትን። ወንፊት ሽቦ መታንባቸው። ኮርኒሱ ላይም በልኩ። በሩ ግርጌ ሁለት ጣት ክፍተት ተውን። እማማ «ብርዱ ተመልሶ መጣ» ብለው ተነጫነጩ። ይነጫነጩ።

## መስከረም፦ ግድግዳው

ዝናቡ ሲያባራ የጓሮውን ግድግዳ በጣቴ መታሁት። እንደ ከበሮ ጮኸ። ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቆ በዶሮ ሽቦው ብቻ ነው የተንጠለጠለው። በመስቀል ሰሞን ግማሹ ወረደ።

ምክንያቱ ቁልቁለቱ ነው። ከላይ ካለው ግቢ የሚወርደው ውሃ መሬት ውስጥ ለውስጥ መጥቶ የግድግዳውን እግር ያረጥባል። ጭቃ እርጥበቱን በፊቱ ወደ አየር ይተፋዋል፣ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን አፉን ዘጋበት። ውሃው ውስጥ ታስሮ ቋሚዎቹን አበሰበሰ። አናጺው አንዱን ቋሚ በመጥረቢያ ሲነካው እንደ ዳቦ ገባለት። ነጭ ቀለም ተቀብቶ ፎቶ የተነሳው ግድግዳ ከድሮው የባሰ ሆነ።

## ሁለተኛው ዙር፦ ከኅዳር እስከ ጥር

በጥቅምት ወረዳው ሄድኩ። የያዝኩት ጥያቄ አጭር ነው፦ ጣሪያው አንድ ነውና አንድ ላይ ይሠራ። የቤቶች ባለሙያው ክፉ ሰው አይደለም። ቅጹን አውጥቶ አሳየኝ። «ወንድሜ፣ እዚህ ላይ የቤት ቁጥር እንጂ የጣሪያ ቁጥር የለም» አለኝ። ሳቅን። እውነቱን ነው ግን። አሸንዳ፣ ቦይ፣ የጋራ ማድቤት፣ በሁለት ቤት መካከል ያለ ግድግዳ የማንም ቤት ቁጥር ላይ አይወድቁም። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታደስም።

መውጫውን ያገኘችው አራተኛዋ ጎረቤት ናት። «እኔም እኮ መስፈርቱን አሟላለሁ፣ አምስተኛዎቹም። ሦስታችንን በአንድ ቀን አድርጉን» አለች። ሦስት ቅጽ፣ ሦስት ቤት ቁጥር፣ አንድ ጣሪያ። ባለሙያው ተስማማ፤ ለእሱም ከሪፖርቱ ላይ ሁለት ቤት ተጨመረለት። አንደኛውና ሁለተኛው በር መስፈርቱን አያሟሉም። እነሱ እቁባቸውን ቀድመው ወስደው የራሳቸውን ቆርቆሮ ገዙ። አንድ ዓይነት እንዲሆን ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ 32 ጌጅ። የግዢው ቀን ለአንድ ሳምንት ስለተራዘመ ብቻ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀን።

ስድስተኛው በር እምቢ አለ። «ነገ ለሚፈርስ ቤት ዛሬ አላወጣም» ነው ያለው። ለማሳመን የሞከርን ሁሉ አፍረን ተመለስን። ዛሬ ላይ ሆኜ በሙሉ አልፈርድበትም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሱ ያየ ሰው ያን ቃል እንደ ስንፍና ብቻ ሊያየው አይችልም።

ጣሪያው በተከፈተባቸው ቀናት ዕቃው የት ይቀመጥ የሚለው ነገር አስጨንቆን ነበር። እድሩ ድንኳኑን ሰጠን። ግቢው ውስጥ ተተክሎ የአምስት ቤት አልጋና ቁምሳጥን ገባበት። አላፊ አግዳሚው ለቅሶ መስሎት እየገባ «ነፍስ ይማር» ብሎ የወጣ አለ።

አሸንዳው በአምስቱ በር ፊት 20 ሜትር ሆነ። መሐሉን ከፍ አድርገን ወደ ሁለት አቅጣጫ አወረድነው። በየአሥር ሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅታ፣ በክር ተለክቶ። በሁለቱ ጫፍ በርሜል አለ፣ የሞላው ተርፎ ወደ ቦይ ይሄዳል። ቦዩን ወጣቶቹ በድንጋይ ነጠፉት። በርሜሉ ያልታሰበ በረከት ሆነ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ በክረምት ጄሪካን መሸከም ቀረ።

ግድግዳው ላይ ሲሚንቶውን ሙሉ በሙሉ አረገፍን። የበሰበሱትን ቋሚዎች እግራቸውን ቆርጠን የድንጋይ መደብ ላይ አሳረፍናቸው። ሁሉንም አልቻልንም፤ ሦስቱ እንደነበሩ ናቸው። ከጓሮ በኩል ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚይዝ ጥልቅ ቦይ ቆፈርን፣ ጠጠር ሞላንበት። ጭቃውን በጭድ አቡክተን ሳምንት አቆየነው። ያቦኩትና የመረጉት አምስተኛው በር ያሉት ሽማግሌ ናቸው። እኛን ከነትምህርታችን ቁጭ አድርገው አሳዩን። የመጨረሻውን ልስን በጭቃው ላይ ኖራ ቀቡት እንጂ ሲሚንቶ አላስነኩትም።

ከአሮጌው ቆርቆሮ ደህና ደህናውን መርጠን ማድቤቱን አቆምን። ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ ነው፣ ከላይ ክፍት። በቅጽ የተሞላ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። ከሥራው ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር። የእማማን ነፍስ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

## ያልተሳካልን

የአሸንዳው ጽዳት ባለቤት አልነበረውም። በሚያዝያ ዝናብ ቅጠል ደፍኖት በመሐል ሞልቶ ፈሰሰ። አሁን አምስቱ ቤት በተራ ያጸዳሉ ተብሏል፤ ተራው ግን አንዳንዴ ይዘለላል። የበርሜሉ ውሃም አንድ ሰሞን አጨቃጨቀ። ከግቢው የሚወጣው ቦይ መንገድ ላይ ካለው ቱቦ ጋር ነው የሚገናኘው፤ ቱቦው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠጥቶ ሲዘጋ ውሃው ይመለሳል። ያ ከአቅማችን በላይ ነው። ሦስቱ ያልተቀየሩ ቋሚዎች ደግሞ አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍሉናል፤ ለወረዳው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

## ለሌላ ሰፈር የሚሆን

የሕዝብ ገንዘብ በሰው ቢመደብ ልክ ነው፤ የተቸገረው ሰው ነውና። ሥራው ግን ውሃ በሚሄድበት ይለካ። በተያያዙ ቤቶች ውስጥ አንዱን ብቻ ማደስ ጎረቤቱን መጉዳት ሊሆን ይችላል። ቅጹን መቀየር ካልተቻለ እንደ አራተኛዋ ጎረቤት ቅጾቹን አንድ ቀን ማምጣት ይቻላል። ሌላው ቢቀር አሸንዳ ሲሰቀል መውረጃው ሳይመጣ አይሰቀል። መውረጃ የሌለው አሸንዳ ከምንም የባሰ ነው፤ ይህን አይቼ ነው የምላችሁ።

ቀዳዳ ከመድፈናችሁ በፊት የት እንደሚያበስሉ ጠይቁ። ይህ አንድ ጥያቄ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከሰል ቤት ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ማድቤት ወይም በረንዳ ይሠራ፣ ኮርኒሱ በኋላ ይደርሳል።

የጭቃን ግድግዳ በሲሚንቶ አታልብሱ፣ ነጋዴው በነጻ ቢሰጥም። ለመሠረትና ለቦይ አውሉት።

ስለ ወሩ ብዙ ብያለሁ። በጀት አስተዳዳሪዎች የሚያነቡት ከሆነ፦ ቆርቆሮው በሰኔ ቢገዛም ይገዛ፣ መጋዘን ይግባና በኅዳር ይመታ። በክረምት የወጣቱ ጉልበት ለቦይ ጠረጋ፣ ለሸራ ማልበስና ለጥናት ይዋል። በጎ ፈቃደኛ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ደግሞ በማን ቆርቆሮ ላይ እየረገጠ እንደሆነ የሚያይ አንድ ሰው ከታች ይቁም። ያን ጊዜ እዚያ መቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እንግዳ ለመቀበል ቀለም እየመረጥኩ ነበር።

## አሁን

ባለፈው ክረምት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ማድቤቱ ውስጥ ነው የተፈላው። እማማ ድስታቸው ለወጥ ብቻ ሆኗል። ስድስተኛው በር በሩን ከፍቶ እኛን እያየ ቆመ፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ደፉን ቆፍሮታል። ሲኒዬን ሳስቀምጥ ጠጋ አለና «ኢንጂነር፣ ለአራት ሜትር ስንት ቆርቆሮ ይበቃል?» አለኝ። ሜትሬን አወጣሁ። አሸንዳውን ለማስቀጠል ከአምስተኛው በር ጫፍ ያለው በርሜል መነሳት አለበት፤ እሱን ደግሞ ሽማግሌዎቹ እንዳይነካብን ብለዋል። ድርድሩ ገና ነው።